ጠበቃ አይደለሁም፣ እማማ

የፓራሌጋል፣ ማለትም የሕግ ባለሙያ ረዳት፣ ሰርተፍኬት እየተማርኩ ነው ስል ከሰው የማገኘው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ምንድን ነው እሱ ደግሞ?» ነው። ሌላው «አሃ፣ ጠበቃ ልትሆኚ ነዋ!» ነው። እናቴ ግን የራሷ መልስ አላት። «ያው ማመልከቻ መጻፍ አይደለም እንዴ? እሱንማ ድሮም ትሠሪው ነበር።»

እናቴ ብዙም አልራቀችም። ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት ባሕር ዳር ውስጥ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ራፖር ጸሐፊዎቹ በእጃቸው የጻፉትን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ በፓወር ግዕዝ እተይባለሁ። ከሳሽ እገሌ፣ አድራሻ። ተከሳሽ እገሌ፣ አድራሻ። «የክሱ ምክንያት»። «የሚጠየቀው ዳኝነት»። ከጊዜ በኋላ ጣቶቼ ራሳቸው ያውቁት ጀመር። የሰው ፍቺ፣ የሰው ቀለብ፣ የሰው ድንበር፣ የሰው ውርስ ሁሉ በእኔ ኪቦርድ ላይ አልፏል። ማኪያቶ እየጠጣሁ ትዳር ያፈረስኩባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው።

እዚያ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ዳኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት ነው። ጠዋት ያተምኩለት ወረቀት ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል። የማስረጃ ዝርዝር አልተያያዘም ተብሎ። ቃለ መሐላ የለውም ተብሎ። ለተከሳሽ የሚደርስ ቅጂ ጎደለ ተብሎ። ጉዳዩ የዚህ ፍርድ ቤት ሥልጣን አይደለም ተብሎ። የከተማ ሰው ከሆነ ባጃጅ ይዞ ይመለሳል። ከዘጌ በጀልባ የመጣ፣ ወይም ከጣና ዳር ገጠር ሌሊት ተነስቶ የመጣ ከሆነ ግን ያቺ የጎደለች ኮፒ የአንድ ቀን ሥራና የአንድ አዳር ወጪ ናት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ይሰለቸዋል። «እግዜር ይፍረደው» ብሎ ይተወዋል። ያ ሰው በየትኛውም ፋይል ላይ ተሸናፊ ተብሎ አይጻፍም። መዝገቡ አልተከፈተለትማ።

ስለዚህ አንድ የግል ኮሌጅ የማታ ሰርተፍኬት እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ሳይ ብዙ አላወላወልኩም።

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ባለጉዳይ አዳምጣለሁ። ቀን አጣራለሁ። ሰነድ አሰባስባለሁ። ረቂቅ እጽፋለሁ፤ የሕግ ባለሙያው አይቶ ያርመዋል። መዝገብ እከታተላለሁ፣ ቀጠሮ አስታውሳለሁ። ችሎት ፊት ቆሜ አልከራከርም። የጥብቅና ፈቃድ ራሱን የቻለ ሌላ መንገድ ነው፤ በፌዴራል ደረጃ የሚገዛውም አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። የማታ ሰርተፍኬት እዚያ አያደርስም። ያደርሳል የሚል ኮሌጅ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።

ውጭ አገር ሥራው ከተደላደለ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ ፓራሌጋል በአብዛኛው በጠበቃ ኃላፊነት ሥር ነው የሚሠራው። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የራሳቸው ፈቃድ አላቸው፤ በአነስተኛ የገንዘብ ክሶችና በትራፊክ ጉዳዮች ራሳቸው ለደንበኛቸው ይቆማሉ። ኬንያ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የሕግ ድጋፍ ሕግ ፓራሌጋሎችን ዕውቅና ሰጥታለች። እኛ ጋ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በጎ ፈቃደኞችን ሲያሠለጥን ኖሯል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ከተማችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም ማለት ነው።

ክፍላችን ውስጥ የነበረው ሰው ራሱ ጉድ ነው። ጡረታ የወጡ ፖሊስ ነበሩ። በአንድ ወቅት የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው መምህሩን ሳይቀር ለማስታረቅ ይሞክራሉ። የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነበረች። ከዘጌ የሚመላለስ ዲያቆን ነበር። የ12ኛ ክፍል ውጤት ያልመጣላቸውና ወላጅ «ከምትቀመጡ» ብሎ የላካቸው ሁለት ልጆችም ነበሩ፤ ኋላ ከሁላችን የበለጡት እነሱ ናቸው። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ እንማራለን። ሙቀቱን ለባሕር ዳር ሰው አልነግረውም።

ዋናው መጽሐፋችን ፎቶ ኮፒ የተደረገው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ማለቴ ነው። 3367 አንቀጽ አለው። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ምሁር ናቸው። አማርኛው አንዳንድ ቦታ ላይ ወገብ ይሰብራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ካላነበባችሁት አይገባችሁም። ዲያቆኑ ብቻ ነበር ያልተማረረው። እሱ ከዚህ የባሰ ለምዷል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሕግ ታሪክ ናቸው። ከፍትሐ ነገሥት እስከ ሕገ መንግሥቱ። እነሱን እዘላቸዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር በትምህርት ቤቱም ሊዘለሉ ይችሉ ነበር። ነገሩ የጀመረው መምህራችን ጠመኔውን አስቀምጠው «አንዳችሁ የራሳችሁን ክርክር አውሩን» ያሉ ቀን ነው። የሚናገረው ሰው እንደ ልቡ ያወራል። እኛ የምንጽፈው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ማን። መቼ። በምን ወረቀት።

ገንዘብ ያዧ ስለ አንድ የቤት ኪራይ ጭቅጭቅ ተናገረች። ስታወራ ሁላችንም ተቆጣን፣ አንዳንዱም አከራዩን ሰደበ። ከዚያ መምህሩ ወረቀታችንን ሰበሰቡ። ገጹን የሞላው ሁሉ ንዴት ነበር። ውል የተደረገበትን ቀን የጻፈ ሰው ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። ምስክር ነበር ወይ የሚለውን የጠየቀ የለም። «እህታችን በጣም ተበድላለች» አሉ መምህሩ። «አሁን በዚህ ወረቀት ፍርድ ቤት ብንሄድ ግን አከራዩ ነው የሚረታው።»

ሥራው ምስር እንደ መልቀም ነው። ስሜቱን ትጥሉታላችሁ ማለት ግን አይደለም። ለብቻው ታስቀምጡታላችሁ እንጂ። ሰው ሲናገር ታሪኩን እንደ ሆነበት አይደለም የሚነግራችሁ፤ እንዳመመው ነው። በጣም ያመመውን ያስቀድማል። ፍርድ ቤት ደግሞ በቅደም ተከተል ነው የሚፈልገው። በሁለቱ መካከል አንድ ሰው ቁጭ ማለት አለበት። ዳኛው በቀን ስንት መዝገብ ያያል። ጠበቃው ጊዜው በገንዘብ ነው። ቁጭ ብሎ ማዳመጥ የእኛ ድርሻ ነው።

ለልምምድ አንድ የነጻ ሕግ ድጋፍ ቢሮ ተመደብኩ። እዚያ ካገኘኋቸው ሰዎች መካከል አንዲት እናት ከአእምሮዬ አይወጡም። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ሆን ብዬ ለውጬዋለሁ። ከጣና ዳር ገጠር ነው የመጡት። ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አረፍ ይበሉ እማማ፣ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ነገሩ የሚጀምረው ልጄ፣ ባለቤቴ የታመመ ጊዜ ነው።»

ከዚያ ጠበል ሄድን። ከጠበል ሐኪም ቤት። ከሐኪም ቤት ቀብር። ከቀብር ተዝካር። የባልየው ወንድም ለተዝካሩ በሬ አምጥቷል። ምን ያህል ደግ ሰው እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ነገሩኝ። መሬቱ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው።

ጣና ዳር ላላደገ ሰው ላስረዳ። ክረምት ላይ ሐይቁ ይሞላል፤ መስከረም ጥቅምት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ እየሸሸ ይሄዳል፣ እስከ ግንቦት ድረስ። የሸሸበትን እርጥብ መሬት ገበሬው ይዘራበታል። ጓያ፣ ሽምብራ። ባሕር ሸሽ ይባላል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ ላይ የጨረጨራ ግድብ ስላለ ደግሞ ውሃው የሚወጣውና የሚወርደው በዝናብ ብቻ አይደለም። እንቦጩም አለ። እንግዲህ ድንበሩ ውሃ የሆነ መሬት ክርክር ሲነሳበት አስቡት። ምስክሩ ሁሉ እውነት ይናገራል፣ ግን እያንዳንዱ የተናገረው ስለ ሌላ ወር ነው።

እማማ በመሬት ይዞታ ደብተራቸው ላይ ከተጻፈው መሬት ቀጥሎ ያለውን ባሕር ሸሽ ከባላቸው ጋር ሲያርሱት ኖረዋል። አሁን የባል ወንድም ያርሰዋል። ዋናውን መሬትም ጨምሮ። «ፈርመሻል» ይላቸዋል።

«ፈርመዋል እንዴ እማማ?»

«ምን ፊርማ አለኝ? አውራ ጣቴን ነው ያስነኩኝ። ለበሬው ነው ብለውኝ።»

እዚህ ላይ ነው ፎቶ ኮፒው መጽሐፍ ነፍስ የዘራልኝ። አንቀጽ 1728። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጣት አሻራ መፈረም ይችላል። ነገር ግን አሻራው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት፣ እነሱ በሥራቸው ላይ ሆነው ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። የዓይነ ስውር ፊርማም እንደዚሁ ነው። ይህን ድንጋጌ በየገበያው በድምፅ ማጉያ ማስነገር ብችል ደስ ይለኛል። በቤት ውስጥ፣ በሽማግሌ ፊት፣ በስታምፕ ቀለም የታተመ ስንት አውራ ጣት እንዳለ የኮፒ ቤት ሠራተኛ ታውቃለች። የገጠር መሬት ሲሆን ደግሞ የክልላችን የመሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 የራሱን መስፈርት ይጨምራል። አሁን ይህን ለእማማ ልንገራቸው? አልነገርኳቸውም። ለምን እንዳልነገርኳቸው እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ መቼ የሚለውን ማግኘት ነበረብኝ። «መቼ ነው ያስነኩዎት?» ስላቸው «ከመስቀል ወዲህ ነው» አሉኝ። የየትኛው ዓመት መስቀል? እሱ ላይ ጭጋግ ነው።

ይህንን ኮሌጅ አላስተማረንም። ያስተማሩኝ ቢሮው ውስጥ የነበሩት አንድ አንጋፋ የመዝገብ ሠራተኛ ናቸው። ሰው ዓመት አያስታውስም፣ ዓመቱን ያየበትን ነገር ግን ያስታውሳል። እሳቸው መሳቢያቸው ውስጥ አንድ የተጨማደደ ወረቀት አላቸው። ደርግ የወደቀበት፣ 1983። በክልላችን የመሬት ክፍፍል የተደረገበት፣ 1989። ሚሊኒየሙ፣ 2000። ኮሮና የገባበት፣ መጋቢት 2012። «ከኮሮና በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኮሮና ብለው ለቀስተኛ የከለከሉ ጊዜማ ባለቤቴ ሞቶ ነበር፣ ተዝካሩን በጥቂት ሰው ነው ያወጣነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ መፈታት ጀመረ። ልጃቸው ስንተኛ ክፍል ነበር? በሬው መቼ መጣ? ቁጭ ብለን ዓመቱን፣ ወሩን፣ ሊጠጋ የሚችለውን ቀን ሳይቀር አገኘን።

ቀን ላይ ይህን ያህል ሙጭጭ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላል ያገሬ ሰው። ሕጉም ይህንኑ ነው የሚለው፣ ይርጋ ብሎ፤ መብት የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ ማለት ነው። ሌላ ልዩ ጊዜ ካልተቀመጠ በቀር ከውል የመነጨ ጥያቄ በ10 ዓመት ይታገዳል፣ አንቀጽ 1845። ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ ባጃጅ ገጭቶህ ካሳ ብትጠይቅ፣ 2 ዓመት ነው፣ አንቀጽ 2143። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ 60 ቀን። ሠራተኛን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የባሰ ጥድፊያ አለው፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ሰው 3 ወር ብቻ ነው ያለው፣ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠይቅ 6 ወር።

ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች ከአንዱ የተባረረ አስተናጋጅ ቢሮ መጥቶ ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ ሥራ አስኪያጁን ለምኖ፣ «ሰሞኑን እንጠራሃለን» ሲሉት ጠብቆ ነው የመጣው። ሽምግልና ጥሩ ነገር ነው። ይርጋ ግን ለሽማግሌ ብሎ አይቆምም። የተባረረበት ደብዳቤ ላይ ያለው ቀን ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እሱ በእኛ አንብቦታል። በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን ሳይ አሁን እጄ ወዲያው ወደ ካላንደር ነው የሚሄደው። ወር ይቀድማል ቀን? እ.ኤ.አ. ነው ዓ.ም.? ይህን ማጣራት ከሕግ ትምህርት አይቆጠርም ይሆናል። ግን የዚያ ልጅ ጉዳይ የቆመው በእሱ ላይ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ሲሰላ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የዚያን ቀን ምሳ የበላ ሰው ቢሮው ውስጥ አልነበረም።

ይርጋ ላይ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ተከሳሽ ካላነሳው ዳኛው በራሱ ተነስቶ አያነሳውም። አንቀጽ 1856 ነው። ስለዚህ ጊዜው ያለፈበት ሰው ሁሉ አበቃለት ማለት አይደለም፤ ጊዜው ያለፈበት ከሳሽ የመጣበት ተከሳሽም ዝም ካለ ይቀልጣል። ሁለቱም ወገን ያለ ረዳት ከቆሙ ውጤቱ ዕጣ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ይህን ስንማር የቀድሞው የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ በጣም ተናደዱ። «ዳኛ እያየ ዝም ይላል እንዴ?» አሉ። መምህሩ የገለልተኝነትን ነገር አስረዷቸው። አልተዋጠላቸውም። እኔም ብዙ አልተዋጠልኝም።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። ሁሉን ጽፈን ስንጨርስ ነጠላቸውን አስተካከሉና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«እረታለሁ?»

የሥራው ትልቁ ፈተና ይህች ጥያቄ ናት። አንቀጹን አውቀዋለሁ። አሻራው የትም እንዳልተረጋገጠ ነግረውኛል። «አዎ፣ ይረታሉ» ማለት አፌ ላይ ነበር። ግን ወረቀቱን በዓይኔ አላየሁትም። የባል ወንድም ምን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅም። ባሕር ሸሹ ከደብተሩ ውጭ ነው። ደግሞም የውል አጻጻፍ ሥርዓትን (ፎርምን) የሚመለከቱ አንቀጾች ሲነበቡ እንደሚመስሉት ቀላል አይደሉም። አንቀጽ 1723ን ውሰዱት፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይሁን ይላል። ግልጽ ነው አይደል? የሕግ ስህተት የሚያርመው የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ግን በቤት ሽያጭ ጉዳይ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመላልሶበታል። ሰበር የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ደግሞ ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። ስለዚህ ሕጉን ያነበበ ሰውና ሕጉን የሚያውቅ ሰው የተለያዩ ናቸው። ሰርተፍኬቱ የሚያደርገኝ የመጀመሪያውን ነው።

«እሱን የሚነግርዎት የሕግ ባለሙያው ነው፣ እማማ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም» አልኳቸው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አስለፈለፍሽኝ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጠዋት ጀምረን ቀትር ደርሶ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ገደብ እንደ ፍርሃት ያየዋል። የክፍል ጓደኞቼም ተከራክረውበታል። ጡረተኛው ፖሊስ «የሚያውቁትን መደበቅ ኃጢአት ነው» ይሉ ነበር። እኔ እንደዚያ አላየውም። ለደከመ ሰው «ታሸንፋለህ» ማለት ቀላል ነው። በሬውን ሸጦ የዳኝነት ይከፍልበታል። ሽምግልናውን ይረግጠዋል። ከዘመድ ይጣላል። ያንን ሁሉ የሚያደርገው በእኔ አንድ ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ ችሎት ላይ የለሁም። በሕግ የተፈቀደለት ሰው ቢሳሳት የሚጠየቅበት ቦታ አለው። እኔን ማን ይጠይቀኛል?

ስለ ዳኝነት ክፍያ ካነሳሁ የደሃ ደንብን ሳልናገር አላልፍም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ የተቀመጠ ነው። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው አቅሙን አስረድቶ ሳይከፍል ክስ እንዲመሠርት ይፈቀድለታል። ያለውን ንብረት ይዘረዝራል፣ ቃለ መሐላ ያቀርባል፣ ማስረጃ ያመጣል። ወረቀት ላይ በጣም ጥሩ ነገር ነው። ሰው ፊት ስታነሱት ነው ችግሩ። እማማ ቅጹን ስሞላላቸው ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «እኔ ደሃ ነኝ ብዬ ልምል?» አሉኝ። መሬት ያላት፣ ዶሮ ያላት፣ ለሰው ያበደረች እንጂ ያልተበደረች ሴት ናቸው። ስንዘረዝር ደግሞ ቤታቸውን በሙሉ አሳየሁባቸው። ስንት በግ? ስንት ዶሮ? ቆርቆሮ ነው ሣር? የቀበሌው ማስረጃ ሲጠየቅ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። የባል ወንድምም ይሰማል። አንድ ቀን አስበውበት ተመለሱና አመለከቱ። ያን ቀን የመጡት ጫማ ሳይቀር ለውጠው፣ ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰው ነው። የቢሮው ጠበቃ አይታ ሳቀች፣ «ዛሬ እንኳ አሮጌውን ቢለብሱ ምን አለ» አለች። እማማ አልሳቁም። «ልብስና መሐላ ምን አገናኘው?» አሉ።

የድሮ ጎረቤቴ ራፖር ጸሐፊው ስለ ትምህርቴ ያላቸውን አስተያየት መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሳይጠየቁ ይናገራሉ። «እኔ ያለ ሰርተፍኬት ስንቱን አስፈርጃለሁ» ይሉኛል። ውሸት አይደለም። እጃቸው ወርቅ ነው። «የተከበረው ፍርድ ቤት ሆይ» ብለው ሲጀምሩ ዳኛ ባልሆን እንኳ ልፈርድላቸው ያምረኛል። ችግሩ ክፍያው በገጽ መሆኑ ነው። በገጽ የሚከፈለው ሰው በአንቀጽ የሚያልቀውን በአምስት ገጽ ነው የሚጽፈው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ ፍሬ ነገሩ ባጭሩ እንዲቀርብ ነው የሚፈልገው። አሁን የምጽፋቸውን ረቂቆች አንዳንድ ጊዜ አሳያቸዋለሁ። «አጥንት ብቻ» ይላሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው አንድ የጎደለ ነገር ያገኙብኛል፤ ብዙ ጊዜ የአድራሻ ጉዳይ ነው። መጥሪያ የሚደርሰው በአድራሻ ነውና «ጣና ክፍለ ከተማ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አያደርስም። ከማን ቤት አጠገብ፣ ከየትኛው ወፍጮ ቤት በስተጀርባ፣ በምን ቅጽል ስም ይታወቃል። ይህን እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ኮሌጁ እንደ እሳቸው ያሉትን አንድ ማታ ጠርቶ ቢያናግራቸው ብዬ ተመኝቻለሁ።

ምኞቴ ከተነሳ፣ ሌላም አለኝ። የሕግ ታሪኩ ይቀነስ። በምትኩ የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ከነደንቡ በደንብ ይሰጥ፤ እዚህ አካባቢ ቢሮ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው ይዞት የሚመጣው የመሬት ጉዳይ ነው፣ እኛ ደግሞ በአንድ ማታ ነው ያለፍነው። ኑዛዜ ሲያስተምሩን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ ፈራሽ መሆኑን ነገሩን፣ አንቀጽ 881። አንድ ኑዛዜ ግን አላስጻፉንም። ልምምዱም መዝገብ ቤት ውስጥ መሆን አለበት። ፋይል የሚመልሰውን ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠን ለምን እንደሚመልስ ብናይ፣ ያ የጎደለ ኮፒ ነገር ግማሹ ያልቅ ነበር።

ይህን ሁሉ ለፕሮግራሙ አስተባባሪ በቃሌ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝና «በጽሑፍ አቅርቢው» አለኝ። አቀረብኩ። አንድ ገጽ ነው፣ ቁጥር ያላቸው አንቀጾች አሉት፣ የማስረጃ ዝርዝር ተያይዟል፣ በሁለት ቅጂ። አንዱ ላይ «ደርሶናል» አስብዬ ማኅተም አስመትቻለሁ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።